ፌጦን በደስማ መዝራት

ለብዙዎቻችሁ ጁምዓ በሳምንት አንዴ የምትገኝ የዕረፍት ቀን ናት። ያቺን ቀን ስለ ፌጦ ለመስማት ስለሰጣችሁን አመሰግናለሁ፤ ጊዜያችሁን ሳላባክን ወደ ጉዳዩ ልግባ።

እዚህ ኩዌት፣ ደስማ ሰፈር ውስጥ በየቤቱ ከሚሠሩ እህቶቻችን ብዙ ጊዜ የምሰማው አንድ ቃል አለ፤ «በዚህ አገር ፌጦ አይበቅልም» የሚል። ሞክረው ያዩ ናቸው እንዲህ የሚሉኝ። ከአገር ቤት በመጣ ዘር ሞክረዋል፣ በጣሳም በባልዲም ዘርተዋል፣ ውሃ አጠጥተዋል። አልሆነም። እኔ ግን ፌጦ በኩዌት ይበቅላል ብዬ ነው የመጣሁት፤ ያውም ከብዙ አትክልት ይልቅ በቀላሉ። የተሳሳተው ዘሩም አይደለም፣ አፈሩም አይደለም። ወሩ ነው።

ነገሩ ከቃል ይጀምራል። እኛ «ክረምት» ስንል ዝናብ፣ ጭቃ፣ ዳመናና ብርድ በአንድነት ወደ ልባችን ይመጣሉ። ፌጦም በአገራችን የዝናብ ልጅ ነው። ገበሬው ከጤፉ ጋር ደባልቆ ወይም በማሳው ዳር ይዘራዋል፤ ዝናቡ ያበቅለዋል፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላ በሚመጣው ፀሐይ ደርቆ ይሰበሰባል። ስለዚህ አንድ ሐበሻ ኩዌት መጥቶ ፌጦ ልዝራ ሲል ልማዱ ወደ ሰኔና ወደ ሐምሌ ይወስደዋል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ሰኔ አጋማሽ ላይ በሰገነቱ ላይ በሁለት ሣጥን ዘራሁ። በማግስቱ ጠዋት ዘሩ አብጦ በዝልግልጉ ተሸፍኖ ነበር፤ ደስ አለኝ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ያ ዝልግልግ ከአፈሩ ጋር እንደ ሙጫ ደርቆ ተጣብቆ አገኘሁት። ከዚያ ሁሉ ዘር የበቀሉት ጥቂቶች ነበሩ፤ እነሱም በሦስተኛው ቀን ወደቁ።

ያ ወቅት እዚህ ምን እንደሚመስል ማስታወስ ይበቃል። በሰሜን ምዕራብ ኩዌት ሙጥሪባ በተባለ የአየር ጠባይ መለኪያ ጣቢያ ሐምሌ 14 ቀን 2008 ዓ.ም. የተመዘገበው ሙቀት 53.9 ዲግሪ ነበር። የዓለም የሜትሮሎጂ ድርጅት መርምሮ ያጸደቀው ልክ ነው፤ በምድር ላይ በዘመናዊ መሣሪያ ከተለኩት ከፍተኛ ሙቀቶች አንዱ ነው። ያ በጥላ ውስጥ የተለካ የአየር ሙቀት ነው፤ በፀሐይ የተጣደ የሣጥን አፈር ከዚያም ይብሳል። ፌጦ ደግሞ የሚወደው ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያለውን ነው። ሰኔና ሐምሌ በአገራችን የፌጦ ወር፣ በኩዌት የእሳት ወር ነው። እኛ «በጋ» የምንለው ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ግን እዚህ ቀኑ ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ የሚወርድበት፣ ሌሊቱ ብርድ ልብስ የሚያስፈልግበት ነው። እንግዲህ የኩዌትን በጋና ክረምት ከአገራችን ገልብጣችሁ ያዙት።

የዚህ አገር ሰዎች ወቅቱን የሚቆጥሩበት የራሳቸው ዘዴ አላቸው፤ ከእኛ ቀን ጋር አገናኝቼ ልንገራችሁ። ሱሀይል የሚሉት ኮከብ ነሐሴ 18 ገደማ ጎሕ ሲቀድ በደቡብ ይወጣል። ሱሀይል ሲወጣ ሽማግሌዎቹ «ሌሊቱ ቀዘቀዘ» ይላሉ፤ ቀኑ ግን ገና ነው፣ ስለዚህ በዚህ አትታለሉ። ቀጥሎ ወስም የሚባለው የመጀመሪያው ዝናብ ጊዜ ይመጣል፤ ጥቅምት 6 ገደማ ገብቶ ሃምሳ ቀን ያህል ይቆያል። ኩዌት በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ በአገራችን ደጋ የአንድ ሐምሌ ወር ዝናብ ብቻውን ከዚህ ይበልጣል። ስለዚህ ወስምን እንደ ዝናብ ሳይሆን እንደ ምልክት ውሰዱት። ከዚያ በኋላ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ አርባ ቀን የሚቆየው መረብዓኒያ፣ የብርዱ እምብርት ይገባል።

የፌጦ ዘመን ወስም ገብቶ ሁለት ሳምንት ካለፈው በኋላ እስከ የካቲት መጨረሻ ያለው ነው። ከጥቅምት 20 በፊት አትቸኩሉ። ኅዳር ከሁሉ የተሻለው ወር ነው። በታኅሣሥና በጥርም ይዘራል፤ በብርዱ ምክንያት ትንሽ ይዘገያል እንጂ ቅጠሉ ይበልጥ ይለሰልሳል። ለዐቢይ ጾም ትኩስ ቅጠል የምትፈልጉ ጥር አጋማሽና የካቲት መግቢያ ላይ ዝሩ። ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ የተዘራው ቅጠል ከመስጠቱ በፊት አገዳ ያወጣል።

አገዳ የማውጣቱ ነገር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ «በቅሎ ነበር፣ ግን ቶሎ አብቦ መረረ» የምትሉኝ አላችሁና። ፌጦ ዕድሜውን የሚለካው በሁለት ነገር ነው፤ በሙቀትና በቀኑ ርዝመት። እኛ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማንርቅ በአገራችን ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል አይራራቅም። ኩዌት ግን 29ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትቆየው ከአሥር ሰዓት ብዙም አይበልጥም፣ ሰኔ ላይ አሥራ አራት ሰዓት ይደርሳል። ቀኑ ሲረዝምና ሲሞቅ ተክሉ ጊዜው ደረሰ ብሎ ቅጠል ማብዛቱን ይተዋል፣ አገዳውን ሽቅብ ይሰዳል፣ ነጭ አበባውን ያወጣል። ቅጠሉ ይቀጥናል፣ ይጠነክራል፣ ማቃጠሉም ከልክ ያልፋል። ይህን ማዳበሪያ አይመልሰውም፣ ውሃም አይመልሰውም። መከላከያው በወቅቱ መዝራትና አበባ ሳይታይ ማጨድ ነው።

ዘሩን ከየት እናገኛለን? እዚህ ፌጦ ረሻድ ይባላል፤ ፍሬው ሐብ ረሻድ ነው። ሙባረኪያ ገበያ ቅመምና መድኃኒት የሚሸጡ ሱቆች ጋ ሄዳችሁ በዚህ ስም ጠይቁ። ቀይ ቡናማ፣ ሞላላ፣ ከሰሊጥ ያነሰ፣ በእጅ ሲያፍሱት የሚንሸራተት፤ ስታዩት ታውቁታላችሁ፣ የእናታችሁ ጓዳ ውስጥ የነበረው ራሱ ነው። ከአገር ቤት በሻንጣ ጠቅልላችሁ ማምጣት አያስፈልጋችሁም፤ ዘር ያለ ፈቃድ ድንበር ሲያልፍ በሽታና ተባይ አብሮ ሊሻገር ይችላል። ቅጠሉንም በእስር በእስር አድርገው አትክልት ቤት ይሸጡታል፤ ከጎኑ የሚቀመጠው ጀርጂር ሌላ ነው፣ ቅጠሉ ሰፋ ያለ ነው፣ አትቀላቅሉት።

ለመብል የተሸጠ ፍሬ አንዳንዱ አርጅቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ቆጥራችሁ ሞክሩት። ሃያ ፍሬ በእርጥብ ሶፍት ላይ በትኑ፣ በሳህን ክደኑት፣ ሁለት ቀን ቆዩ። አሥራ ስድስትና ከዚያ በላይ ከበቀለ ጥሩ ዘር ነው። ከአሥር በታች ከሆነ ለምግብ ተጠቀሙበት፣ ለዘር ሌላ ግዙ።

አሁን እንዝራ። ይህን ሳህን ወደ እናንተ ላዙረው፤ ከፊት ያላችሁ ተጠግታችሁ እዩ። ትላንት ማታ የዘራሁት ነው። እያንዳንዷ ፍሬ ዙሪያዋን ጥርት ያለ ዝልግልግ ቀለበት ለብሳለች፤ ተልባ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያወጣው ዓይነት ነው። ያ ቀለበት የፍሬዋ የውሃ ስንቅ ነው። ፌጦ በእርጥብ ጨርቅ ላይ እንኳ የሚበቅለው በዚህ ስንቁ ነው። ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው ባቄላን እንደሚያጎነቁል ፌጦንም ቀድሞ በውሃ ይዘፈዝፋል። አይዘፈዘፍም። ከተዘፈዘፈ ሁሉም እርስ በርሱ ተጣብቆ አንድ ጓል ይሆንና መበተን ያቅታል። ደረቁን ነው የምትበትኑት፣ ከዚያ በላዩ ውሃ ትረጩበታላችሁ።

ሠላሳ በሃያ ሴንቲ ሜትር የሆነ ዝርግ ሣጥን ይበቃል፤ የምግብ ፕላስቲክ ሥሩን ቀድዳችሁም ይሆናል። ሦስት አራት ጣት የሚያህል ፒትሞስ ወይም የችግኝ አፈር አልብሱት፣ አርጥቡት፣ በእጃችሁ ደልድሉት። አንድ የሻይ ማንኪያ ፌጦ ውሰዱ። አንድ ግራም ውስጥ ከ400 በላይ ፍሬ ስላለ ማንኪያዋ ከምታስቡት በላይ ትይዛለች። ጨው በወጥ ላይ እንደሚነሰነስ ከፍ አድርጋችሁ ነስንሱ። አፈር አታልብሱት፤ በመዳፋችሁ ጫን ብቻ አድርጉት። ከላይ ሌላ ሳህን ወይም እርጥብ ጋዜጣ ድፉበት፤ በዚህ አገር አየር፣ በተለይ ኤሲ ባለበት ክፍል፣ ያልተከደነ ዘር በግማሽ ቀን ይደርቃል።

በአንድ ወይም በሁለት ቀን ነጭ ሥር ታያላችሁ። በሥሩ ዙሪያ ደግሞ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ጸጉር ይኖራል። ብዙ እህቶቻችን ይህን አይተው «ሻገተ» ብለው ጥለውታል፤ ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ሻጋታ አይደለም፤ የሥሩ ጸጉር ነው፣ ውሃ ሲረጩበት ከሥሩ ላይ ተለጥፎ ይጠፋል። ሻጋታ ግን ቢረጩትም አይጠፋም፣ ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ ሸረሪት ድር ይሄዳል፣ ይሸታልም። ክዳኑን በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን አንሡና ወደ ብርሃን አምጡት። ያን ጊዜ የሚወጣውን የመጀመሪያ ቅጠል ልብ ብላችሁ እዩት። የጎመን ዘር የሆነው አብዛኛው ሲበቅል የልብ ቅርጽ ያለው ቅጠል ነው የሚያወጣው፤ የፌጦ ግን ሦስት ጣት እንዳላት ትንሽ እጅ የተከፈለ ነው። ገበያ ላይ የገዛችሁት ፌጦ መሆኑን የምታረጋግጡት በዚህ ነው።

ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ባለው ቀን ስምንት ሴንቲ ሜትር ያህል ሲደርስ በመቀስ ከሥሩ ከፍ አድርጋችሁ ማጨድ ትችላላችሁ። ቦታ ያላችሁ፣ ግቢው ውስጥ ወይም ሰገነቱ ላይ ትልቅ ሣጥን ያስፈቀዳችሁ፣ በአሥር ሴንቲ ሜትር ርቀት አሳሱትና አምስት ሳምንት ያህል ጠብቁት። ሁለት ጣት ከመሬት ተዉለትና እጨዱ፤ ሁለተኛም ሦስተኛም ይሰጣል። በአንድ ጊዜ ብዙ ከመዝራት በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ መዝራት ይሻላል፤ ማዕዱ ሳይቋረጥ እስከ መጋቢት ትደርሳላችሁ።

ስለ ውሃ ሳልናገር ባልፍ ድካማችሁ ከንቱ ይሆናል። በኩዌት ቤቶች ሁለት ዓይነት ውሃ ይገባል። አንዱ ከባሕር ተጣርቶ የሚመጣው ጣፋጩ ነው፤ ሌላው ከመሬት ሥር የሚወጣው፣ ለአትክልትና ለማጠቢያ በሌላ ቧንቧ የሚመጣው ጨዋማው ነው። የግቢው ቴምርና ቁጥቋጦ ይህን ይችሉታል፤ የሁለት ቀን ፌጦ አይችለውም። ለዘርና ለቡቃያ ጣፋጩን ብቻ ተጠቀሙ። ብዙ አያስወጣችሁም፤ ለአንድ ሣጥን በቀን አንድ ብርጭቆ በቂ ነው። የግቢውን አሸዋም ብቻውን አትመኑት፤ ኖራማ ነው፣ ውሃም አይዝም። ፌጦ ለጨውና ላልበሰለ ብስባሽ እጅግ ስስ ስለሆነ በሌላው ዓለም የአፈር ባለሙያዎች ኮምፖስት መብሰሉን የሚፈትኑት የፌጦ ዘር በማብቀል ነው። የገዛችሁት አፈር ላይ ፌጦ ጨርሶ እምቢ ካለ አፈሩን ጠርጥሩ። ደጅ ያለውን ደግሞ እንደ ቁንጫ የምትዘል ጥቁር ጥንዚዛ ቅጠሉን በመርፌ እንደተወጋ አድርጋ ትበሳሳዋለች፤ ስስ መጋረጃ ጣል ካደረጋችሁበት ይበቃል። መድኃኒት አትርጩ፣ በሁለት ሳምንት የምትበሉት ነገር ነው።

«በሙቀቱ ወራትስ?» ትሉኝ ይሆናል። ደጅ እርሱት። ቤት ውስጥ ግን፣ ኤሲው 22 እና 23 ዲግሪ ላይ በሚውልበት ክፍል፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይመታው መስኮት አጠገብ፣ ዓመቱን ሙሉ ትንሹን ቡቃያ ማብቀል ይቻላል። አሥር ቀን ሲሞላው ብሉት፤ ከዚያ በላይ አታቆዩት።

ቅጠል ቅጠል ስል አንዳንዶቻችሁ ስትገረሙ አያለሁ። እኛ ፌጦን የምናውቀው በፍሬው ነውና። ለሆድ ቁርጠት፣ ለምች፣ ለቁስል፤ ከብቱም ሲታመም እሱኑ። በጾም ደግሞ ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ሎሚና ቃሪያ ገብቶበት፣ እንጀራ ተፈትፍቶበት አፍንጫ የሚከፍተው የፌጦ ፍትፍት። ይህ ሀብት ትልቅ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. አገራችን መጥቶ በየገበያውና በየማሳው ዘር ሲሰበስብ ከከረመ በኋላ ኢትዮጵያን የፌጦ ዋና መገኛ አድርጎ ቆጥሯታል፤ መካከለኛው ምሥራቅና መካከለኛው እስያ ቀጥለው ይመጣሉ። ከዚህ ሁሉ ሀብት ጋር ግን ለምለሙን ቅጠል ወደ ማዕድ ማቅረብ አልለመድንም። እዚህ ያሉት ጎረቤቶቻችን ጥሬውን ከሩዝና ከዓሣ ጋር ይበሉታል። ክሴኖፎን የተባለው ግሪካዊ ጸሐፊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፋርስ ልጆች ሲጽፍ ከቤታቸው የሚይዙት ስንቅ ዳቦና ፌጦ እንደነበር ይናገራል። የፌጦ ቅጠል መቶ ግራሙ ወደ 70 ሚሊ ግራም የሚጠጋ ቫይታሚን ሲ አለው፤ ሲበስል ብዙው ስለሚጠፋ ጥሬውን በሰላጣ፣ በሽሮ ላይ ነስንሶ፣ ከቲማቲም ፍትፍት ጋር መብላት ይሻላል። የሚያቃጥለውም ሲታኘክ ወይም ሲቆረጥ ነው፤ በቅጠሉ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡ ሁለት ነገሮች ያን ጊዜ ይገናኙና የሰናፍጭን የመሰለ ኃይል ይፈጥራሉ። ስለዚህ የምትከትፉት ሊበላ ሲል ብቻ ይሁን።

አንዲት እህታችን በምትሠራበት ቤት የአሠሪዋ ሴት ልጅ ወለደች። አያቲቱ ሐብ ረሻድ አውጥተው በውሃ አፍልተው፣ ሲወፍር ቅቤና ስኳር ጨምረው፣ ሐሶ የሚሉትን ለአራሷ እንድትሠራ አሳዩዋት። «ሽታው ሲነሣ ደንግጬ ቆምሁ፤ ፌጦ ነው አልኋቸው፤ እሳቸው ደግሞ ረሻድ ነው አሉኝ» አለችኝ። እኛ ለአራስ ገንፎና አጥሚት እንደምናቀርብ እነሱ ፌጦ ያቀርባሉ። በአንድ ነገር ግን የሁለቱም አገር እናቶች ይስማማሉ፤ ፍሬው ከወሊድ በኋላ ነው እንጂ በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም፤ ማሕፀንን ያንቀሳቅሳል ይላሉ። ይህን ምክር አክብሩት። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱም ቅጠሉን ከማብዛታችሁ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ቫይታሚን ኬ በብዛት አለውና። የታመመ ሰው ደግሞ ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ፌጦ ምግብ ሆኖ ያግዘው።

ከሣጥናችሁ አንዱን ጥግ ሳታጭዱ ተዉት። ኅዳር የተዘራ በመጋቢት ያፈራል፤ ጠፍጣፋ ክብ ቋቶች ያወጣል፣ በእያንዳንዷ ውስጥ ሁለት ፍሬ አለች። ቋቶቹ ገለባ ሲመስሉ ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ ቁረጡት፤ ፀሐይ ከከረረ ይረግፋል። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ቀዝቃዛ ቦታ ካስቀመጣችሁት ለሚቀጥለው ወስም የራሳችሁ ዘር አላችሁ።

መስከረም እየተገባደደ ነው፤ ለመዝራት ሦስትና አራት ሳምንት ይቀራል። በሩ አጠገብ በወረቀት የተቋጠረ ፌጦ አስቀምጫለሁ፣ በእያንዳንዱ ቋጠሮ ሁለት የሻይ ማንኪያ አለ። ስትወጡ አንድ አንድ ውሰዱ። ዛሬ ማታ ሃያውን ፍሬ ቆጥራችሁ በእርጥብ ሶፍት ላይ በትኑ፤ የቀረውን ጥቅምት 20 ሲያልፍ ዝሩት፤ የዛሬ ወር ደግሞ የበቀለውንም ያልበቀለውንም ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን።